የግራንት ኮንትራቱ አዲስ አንቀጽ ይዞ መጣ፤ እንፈርም ወይስ እንቆይ?

ገንዘብ ያዧ፣ ከኬንት፣ ዋሽንግተን ስቴት

ጤና ይስጥልኝ። ከሲያትል በስተደቡብ ባለ አንድ ትንሽ የኮሚዩኒቲ ድርጅት ውስጥ ገንዘብ ያዥ ነኝ። ሙያዬ ሒሳብ አይደለም፤ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። "አንቺ ቁጥር ላይ ጎበዝ ነሽ" ተብዬ ተመረጥኩ። እምቢ ማለት ነውር ሆነብኝ።

ድርጅታችን ሁለት ነገር ይሠራል። ቅዳሜ ጠዋት ለልጆች አማርኛና ሒሳብ እናስተምራለን። ማክሰኞና ሐሙስ ደግሞ አረጋውያን ይሰበሰባሉ። ምሳ ይበላሉ፣ ቡና ይጠጣሉ፣ አንዲት ነርስ የደም ግፊታቸውን ትለካለች፣ ከዚያ ካርታ ነው። ገንዘቡ ከካውንቲና ከከተማ አስተዳደር በግራንት ይመጣል። ከአባላት መዋጮ የሚገኘው ኪራዩን እንኳ አይሸፍንም።

ሰሞኑን ኮንትራት የሚታደስበት ጊዜ ደርሶ ከአንደኛው መሥሪያ ቤት ማሻሻያ ተላከልን። የድሮው ስስ ነበር፤ ይሄኛው ወፍራም ነው። ልጆቼን አስተኝቼ አነበብኩት። ግማሹ አልገባኝም፤ የገባኝ ግማሽ ደግሞ እንቅልፍ ነሳኝ።

አንደኛው አንቀጽ "የፌዴራል ፀረ-መድልዎ ሕግን የሚጥስ የዲኢአይ ፕሮግራም አናካሂድም" ብለን እንድናረጋግጥ ይጠይቃል። ዲኢአይ ማለት ብዝኃነት፣ ፍትሐዊነትና አካታችነት ነው። ከሥሩ ፎልስ ክሌምስ አክት የሚባል ሕግ ተጠቅሷል። እኛ አማርኛ የምናስተምር፣ ሽሮ የምናበላ ሰዎች ነን። ይሄ ዲኢአይ ነው? ለምሳ የሚመጡት ሁሉም ማለት ይቻላል የእኛው ሰዎች ናቸው። ሌላው ስለማይመጣ እንጂ ከልክለን አይደለም።

ሌላው፣ ሰጪው ኮንትራቱን ባሻው ጊዜ ማቋረጥ እንደሚችል ይላል። ሠራተኛ ቀጥረን፣ አዳራሽ ተከራይተን በማግስቱ ቢቋረጥስ? ክፍያው እኮ እኛ መጀመሪያ አውጥተን፣ ኢንቮይስ አስገብተን ነው የሚመጣው።

ከዚያ ደግሞ ስለ ኢሚግሬሽን የሚያወራ ዐረፍተ ነገር አለ፤ እ.ኤ.አ. የ1996 ሕግ ይጠቅሳል። እማማዎቹን በር ላይ "ግሪን ካርድ ያሳዩ" ልል ነው? አፌ አይደፍርም።

ቦርዱ ለሁለት ተከፍሏል። ሊቀመንበራችን ትልቅ ሰው ናቸው፣ አከብራቸዋለሁ። "ፈርመሽ ላኪው፣ ማን ያነበዋል" ባይ ናቸው። ለክፍያው መዘግየትም መላ አግኝተዋል፦ ከእድሩ እንበደር። "ገንዘቡ ባንክ ተኝቶ ምን ይሠራል?" ይላሉ። ሌላው የቦርድ አባል "አሁን ካውንቲውን የሚመራው ግርማይ ዛሂላይ ነው፤ የእኛው ልጅ ነው፤ እንደውልለት" ይላል። ሁሉም ይናገራል፤ ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ፊርማ ግን የእኔ ነው።

በዚህ ላይ ያለፈው ኢንቮይሳችን ተመልሷል። እንጀራ የሚያቀርቡልን እናት ቤታቸው ነው የሚጋግሩት። ደረሰኝ የላቸውም፤ ከደብተር ቀደው "ለእንጀራ ተከፍሏል" ብለው ይፈርሙልኛል። ያንን ነው አንቀበልም ያሉት።

ይህን ዓይነት ነገር ያለፈበት ሰው ካለ ይምከረኝ። መልስ የሚጠብቁት እስከ ወሩ መጨረሻ ነው።


ጡረተኛዋ፣ ከታኮማ

እህቴ፣ ዛሬ አትፈርሚ። አትበሳጪ። እኔ ማዶ ነበርኩ፤ መንግሥት ቤት የግራንት ኮንትራት ስከታተልና ኢንቮይስ ስመልስ ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ጠበቃ አይደለሁም፤ ግን እንዳንቺ ያሉ ገንዘብ ያዦች ስንት ጊዜ በከንቱ ሲሸበሩ፣ ስንት ጊዜ ደግሞ መሸበር ሲገባቸው ተረጋግተው ሲፈርሙ አይቻለሁ።

ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለብሽ አንድ ነገር ነው፦ እያንዳንዱ ዶላር መነሻው የት ነው? "ከካውንቲ ነው የምናገኘው" ማለት መልስ አይደለም። ካውንቲው ራሱ ከተለያየ ኪስ ነው የሚሰጥሽ። አንዱ ኪስ የአካባቢው ሕዝብ በድምፁ ያጸደቀው የንብረት ግብር ነው፤ ሌቪ የሚሉት። በእናንተው ኪንግ ካውንቲ ለልጆች የሚውለው ቤስት ስታርትስ ፎር ኪድስ በ2015 ጸድቆ በ2021 ታድሷል። ለአርበኞች፣ ለአረጋውያንና ለማኅበራዊ አገልግሎት የሚውለው ሌቪ ደግሞ በ2023 ታድሶ እስከ 2029 ይዘልቃል። ይሄ የቤት ባለቤቱ ግብር ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ያለ ሰው ደንብ ስለቀየረ አይነካም።

ሌላው ኪስ ከፌዴራል መንግሥት መጥቶ በካውንቲው ወይም በከተማው በኩል የሚያልፍ ነው። የፌዴራል ደንብ ገንዘቡን ተከትሎ እስከ እናንተ ሽሮ ድረስ ይወርዳል። ስለዚህ የዲኢአዩም፣ የኢሚግሬሽኑም፣ ባሻቸው ጊዜ የማቋረጡም አንቀጽ በሁለቱም ፕሮግራም ላይ ይሠራ እንደሆነ መለየት አለብሽ። አንዳንድ ቢሮ ሥራ ለማቅለል ብሎ አንዱን ረጅም ቅጽ ለሁሉም ይልካል። የሌቪ ገንዘብ ብቻ የምትቀበል ድርጅት የማይመለከታትን ማረጋገጫ ፈርማ ትመልሳለች። ይሄ በጣም ያናድደኛል።

እንዴት ታውቂያለሽ? ኮንትራቱ ውስጥ ባለ አምስት አሃዝ ቁጥር ፈልጊ፤ ሁለት አሃዝ፣ ነጥብ፣ ከዚያ ሦስት አሃዝ። የፌዴራል ገንዘብ አሳላፊው መሥሪያ ቤት ያንን ቁጥር የመንገር ግዴታ አለበት። 93.045 ካየሽ የአረጋውያን ምግብ ነው፣ በ1965ቱ የአረጋውያን ሕግ የሚመጣ። 14.218 ካየሽ ሲዲቢጂ ነው፣ የቤቶችና ከተማ ልማት ሚኒስቴር ለከተሞችና ለካውንቲዎች የሚያድለው። 21.027 ከሆነ የኮቪድ ጊዜው ማገገሚያ ነው፤ ያ በ2026 መጨረሻ ተሟጦ ማለቅ ያለበት ነው፣ እሱ ላይ ተስፋ አታንጠልጥሉ። ቁጥር ከሌለ በኢሜይል ጠይቂ፦ "በዚህ ኮንትራት ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ አለ? ካለ መለያ ቁጥሩና መጠኑ ስንት ነው?" ስልክ አትደውዪ። በጽሑፍ ይሁን።

አሁን ስለ ዲኢአዩ። ይሄ የመጣው በጃንዋሪ 2025 ከወጣ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ ነው። ፎልስ ክሌምስ አክት በ1863 የወጣ ሕግ ነው፤ በእርስ በርስ ጦርነቱ ለሠራዊቱ የተበላሸ ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎችን ለመቅጣት። ዛሬም ጥርስ አለው፤ መንግሥትን በሐሰት ማስረጃ ገንዘብ ያስከፈለ ሰው የጉዳቱን ሦስት እጥፍና መቀጫ ሊከፍል ይችላል። ስለዚህ "ማን ያነበዋል" የሚሉት ሊቀመንበርሽ ተሳስተዋል። በአክብሮት ንገሪያቸው።

ግን ደግሞ አንቀጹን በደንብ አንብቢው። ሕግን የሚጥስ ነው የሚለው። አማርኛ ማስተማር ሕግ አይጥስም። አረጋዊን በሚገባው ቋንቋ ማስተናገድም አይጥስም። እንዲያውም የ1965ቱ ሕግ ራሱ እንግሊዝኛ የማይችሉ አረጋውያን ቅድሚያ ትኩረት እንዲያገኙ ስም ጠርቶ ይጽፋል። የሚጥሰው በር መዝጋት ነው። ከ1964 ጀምሮ የፌዴራል ገንዘብ የወሰደ ድርጅት ሰውን በዘሩ፣ በቀለሙ ወይም በመጣበት አገር መከልከል አይችልም። ይሄ አዲስ አይደለም።

ስለዚህ የግድግዳ ማስታወቂያችሁን ሂጂና እዪ። "ለኢትዮጵያውያን አረጋውያን ብቻ" የሚል ካለ ዛሬውኑ አውርጂው። "ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሁሉ፤ አስተናጋጆቻችን አማርኛ ይናገራሉ" በይ። አንድ የቬትናም ሽማግሌ መጥተው ሽሮ ቢበሉ ማንም አይሞትም፤ ሊወዱትም ይችላሉ። ስማቸውን መዝግቢ።

ሌላ ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ። በሜይ 2025 ኪንግ ካውንቲ፣ ፒርስ ካውንቲ፣ ስኖሆሚሽ ካውንቲ፣ ከእነ ቦስተን፣ ኒው ዮርክና ሳን ፍራንሲስኮ ጋር ሆነው በእነዚህ አዳዲስ የግራንት ቅድመ ሁኔታዎች ላይ የፌዴራል መንግሥትን ከሰዋል። ሲያትል ያለችው ዳኛ ባርባራ ሮትስቲን ጊዜያዊ እግድ ሰጥተዋል። ጊዜያዊ ነው፤ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። ነገር ግን ማሻሻያውን የላከልሽ መሥሪያ ቤት ከከሳሾቹ አንዱ ከሆነ "ይህ አንቀጽ ከእግዱ ጋር እንዴት ይታያል?" ብሎ መጠየቅ መብትሽ ነው። የትኛው እንደላከልሽ አልጠቀስሽም፤ እሱ ለውጥ አለው።

የኢሚግሬሽኑ። የጠቀሱት የ1996 ሕግ በውስጡ ለእናንተ የሚጠቅም ቦታ አለው፦ ለትርፍ ያልቆመ የበጎ አድራጎት ድርጅት የተገልጋዩን የመኖሪያ ፈቃድ የማጣራት ግዴታ የለበትም ይላል። በጁላይ 2025 የጤና ሚኒስቴርና ሌሎች የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ያ ሕግ የሚነካቸውን ፕሮግራሞች አስፍተዋል። ዋሽንግተንን ጨምሮ ብዙ ስቴቶች ከሰው በእነሱ ውስጥ ለጊዜው ታግዷል። ስለዚህ እማማዎቹን ወረቀት አትጠይቂ። ግን ኮንትራቱ ራሱ "እናጣራለን" የሚል የተለየ ቃል ካለው ሳትፈርሚ ለጠበቃ አሳዪ። ሲያትል ውስጥ ኮሚዩኒቲስ ራይዝ የሚባል ድርጅት አለ፣ ቀድሞ ዌይፋይንድ ይባል ነበር፤ እንደናንተ ላሉ ትንንሽ ድርጅቶች የነፃ ጠበቃ ያገናኛል። ሥራቸው ይሄው ነው፣ አትፈሪ።

ስለ እድሩ ግን ልቆጣ ነው።

የእድር ገንዘብ የድርጅቱ ገንዘብ አይደለም። አባላቱ ያዋጡት ለቀብር ነው። አንድ ሰው ሲሞት አስከሬኑ አገር ቤት ይሂድ ከተባለ ገንዘቡ በቀናት ውስጥ ያስፈልጋል፤ የካውንቲው ቼክ እስኪመጣ ለቅሶ አይጠብቅም። ደግሞም የተቋረጠ ኮንትራት ላይ የወጣ ገንዘብ ላይመለስ ይችላል። ያኔ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ቆመሽ ለማን ምን ትያለሽ? ወለድ ከፍለን እንበደራለን ብትሉም የፌዴራል ገንዘብ በአጠቃላይ የብድር ወለድ አይሸፍንም። እድሩና ድርጅቱ አንድ ባንክ ሒሳብ ውስጥ ከሆኑ ደግሞ ነገ ጠዋት ለዩዋቸው። ኦዲተር የሚጠላው አንድ ነገር ቢኖር ይሄ ነው።

መፍትሔው ሌላ ቦታ ነው ያለው። ገንዘቡ ፌዴራል ከሆነ ቅድሚያ ክፍያ ጠይቂ። ደንቡ በቂ የሒሳብ አያያዝ ላለው ድርጅት ቅድሚያ መክፈልን ይፈቅዳል። ብዙ ቢሮ አይነግርሽም፤ ከጠየቅሽ ግን መልስ መስጠት አለበት። በኢንቮይስ ከሆነም ትክክለኛ ጥያቄ በደረሳቸው በ30 ቀን ውስጥ መክፈል አለባቸው። "ትክክለኛ" የምትለዋን ቃል ያዢ። የተመለሰ ኢንቮይስ ቀኑ እንደ አዲስ ነው የሚቆጠረው። የደብተር ቅዳጁ ደረሰኝ እንግዲህ የሚያስከፍላችሁ ይሄንን ነው።

እንጀራው ላይ ደግሞ ደረሰኙ ብቻ አይደለም ችግሩ። በሕዝብ ገንዘብ ለአረጋውያን የሚቀርብ ምግብ ፈቃድ ካለው ቦታ መምጣት አለበት። እኚያን እናት ከገበያ እንዳታስወጪ ፈቃድ ያለው ወጥ ቤት በሰዓት የሚያከራይ ቦታ ፈልጊላቸው፤ አንዳንድ ቤተ ክርስቲያን አለው። ንግድ ፈቃድ ያውጡ። ከዚያ ደረሰኙ ላይ የሻጭ ስም፣ ቀን፣ ስንት እንጀራ፣ የአንዱ ዋጋ፣ ጠቅላላ ይኑር። ጨርሰናል።

ስለ ስልኩ፦ ግርማይ ዛሂላይ ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የተሰደዱ ልጅ ነው፣ ሁላችንም ኮርተንበታል። ግን የካውንቲ ኤግዚኪዩቲቭ ስልክ አንስቶ ኢንቮይስ አያጸድቅም። በኦገስት 2025 የካውንቲው ኦዲተር ለማኅበራዊ ድርጅቶች የሚሰጠው ገንዘብ ቁጥጥሩ ደካማ ነው ብሎ ከባድ ሪፖርት አውጥቷል። አሁን ሁሉም ወረቀት በአጉሊ መነጽር ነው የሚታየው። እንዲህ ባለ ጊዜ "የእኛ ልጅ" ብሎ መደወል ልጁንም እናንተንም ማስመታት ነው።


አበሻ ዘ-ሞንትጎመሪ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ከላይ ያሉት እህት የጻፉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ ከሌላ አቅጣጫ ልጨምር። ሁላችንም ኮንትራት እጃችን ሲገባ ነው የምንነቃው። የአካባቢው ገንዘብ የሚቆረጠው ግን ከዚያ ወራት በፊት ነው።

የእኛ ሞንትጎመሪ ካውንቲ በጀት ዓመቱ ጁላይ 1 ይጀምራል። ኤግዚኪዩቲቩ ሐሳቡን ማርች አጋማሽ ላይ ያቀርባል። ኤፕሪል ላይ ምክር ቤቱ ሕዝቡን ይሰማል። ሜይ መጨረሻ ላይ ያልቃል። እና የእኛ ሰው መቼ ነው የሚሄደው? ጁን ላይ፣ "ለምን ቀነሳችሁን" ለማለት። በሩ ተዘግቶ!

እኛ አሁን ኤፕሪል ላይ አረጋውያኑን ይዘን ነው የምንሄደው። ለመናገር የሚሰጠው ደቂቃ አጭር ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻ ይናገራል፣ ሌሎቹ ነጠላቸውን ለብሰው ከኋላ ይቆማሉ። አንዲት እናት ባለፈው በአማርኛ ተናገሩ፣ የልጅ ልጃቸው ተረጎመች። "ቤቴ ውስጥ ከቴሌቪዥን በቀር የሚያናግረኝ የለም፤ ሐሙስን ነው የምጠብቀው" አሉ። እኔ ይዤው የሄድኩት ሰንጠረዥ ከቦርሳዬም አልወጣም።

ደግሞ አትርሱ፣ ፌዴራል ሲቆረጥ ሁሉም ድርጅት ወደ ካውንቲ በር ነው የሚሮጠው። የእኛ ካውንቲ ውስጥ ብዙ የፌዴራል ሠራተኛ ስለሚኖር ሥራ ሲያጣ የካውንቲው የገቢ ግብር ራሱ ይነካል። ስለዚህ "ካውንቲው ይሞላልናል" ብሎ መቀመጥ አያዋጣም። ምክር ቤት አባላቱ ስማችሁን ካላወቁ በጀት ላይ አትታወሱም።


ጎመን በጤና፣ ከሚኒያፖሊስ

እኔ በግልጽ ልናገር። ተዉት። የፌዴራሉን ገንዘብ ተዉት።

ጃንዋሪ 27፣ 2025 ማታ የሆነውን ታስታውሳላችሁ? ከኋይት ሐውስ የበጀት ቢሮ አንድ ማስታወሻ ወጣና የፌዴራል ግራንት ሁሉ ይቁም ተባለ። በማግስቱ ፍርድ ቤት አስቆመው፣ በሁለተኛው ቀን ራሳቸው ሻሩት። በእነዚያ ቀናት ግን የስንት ድርጅት ደመወዝ ከፋይ ደሙ ደረቀ። ከዚያ ኦገስት ላይ ደግሞ ሌላ ትእዛዝ መጣ፤ ግራንት ሁሉ በፖለቲካ ተሿሚ ይታይ፣ መንግሥት ባሻው ጊዜ ማቋረጥ ይችል የሚል። ገንዘብ ያዧ ያየችው አንቀጽ የዚያ ልጅ ሳይሆን አይቀርም።

በዚያ ላይ እኛ ሚኒሶታ ነን። የልጆች ምግብ ማጭበርበሩን ሰምታችኋል፤ ከ2022 ጀምሮ ስንቱ ተከሶ ስንቱ ተፈርዶበታል። ያልበላ ልጅ በላ ብለው ፎርም ሞልተው ነው። እነሱ ሰረቁ፣ ከዚያ በኋላ በንጹሕ የሚሠራውም አፍሪካዊ ድርጅት ሁሉ በጥርጣሬ ይታያል። እኛ ፌዴራሉን ትተን ከፋውንዴሽንና ከአባላት በምናገኘው ቀጥለናል። ምሳው ከሁለት ቀን ወደ አንድ ቀን ወረደ። አዎ፣ ያሳዝናል። ግን ሌሊት እተኛለሁ።


ጡረተኛዋ፣ ከታኮማ

ወንድሜ ጎመን፣ አንተ ትተኛለህ፤ የሐሙሱ ምሳ የቀረባቸው እናት ግን ምን በሉ? አልወቅስህም። መተው መልስ ሊሆን ይችላል፤ ግን ገንዘቡ ስንት እንደሆነና ምን እንደሚጠይቅ ታውቆ ነው እንጂ በፍርሃት መሆን የለበትም። የሚኒሶታው ጉዳይ ደግሞ ለእኔ ሌላ ነገር ነው የሚያሳየኝ። እዚያ የጠፋው ሐቀኛ የመገኘት ዝርዝር ነው። ገንዘብ ያዧ በየሐሙሱ ማን እንደመጣ የሚያሳይ የፊርማ ወረቀት ካላት ከብዙዎች ትሻላለች።


ገንዘብ ያዧ፣ ከኬንት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። በተለይ እርስዎ ከታኮማ፣ ጊዜ ወስደው ስለጻፉልኝ።

ኮንትራቶቹን አውጥቼ ፈለግኩ። የአረጋውያኑ ላይ 93.045 የሚል አገኘሁ፣ መጨረሻ ገጽ ላይ በትንንሽ ፊደል። የቅዳሜው የልጆች ላይ ምንም ቁጥር የለም። ኢሜይል ልኬ ነበር፤ ዛሬ መልስ መጣ፦ የልጆቹ ሙሉ በሙሉ የአካባቢ ሌቪ ነው። ማሻሻያው ግን ለሁለቱም አንድ ዓይነት ነው የተላከው!

የፊርማ ወረቀት አለን። ችግሩ አንዳንዶቹ እናቶች መስቀል ብቻ ያደርጋሉ። የቅዳሜ አስተማሪዎቹ ሰዓት ግን እንደነገሩ ነው፤ በወር መጨረሻ "ያው እንደ ባለፈው" ብለን እንሞላለን።

ሌላ ጥያቄ። የአስተዳደር ወጪ ብለን ምንም አንጠይቅም። የእኔ ጊዜ ነፃ ነው፣ ኢንተርኔቱ የሊቀመንበሩ ነው። አንድ ሰው "15 በመቶ መጠየቅ ትችላላችሁ" አለኝ። እውነት ነው? ደግሞ "ኦዲት ይመጣባችኋል" የሚለውም አስፈራኝ።


ጡረተኛዋ፣ ከታኮማ

ጎበዝ። አሁን ግማሹ ጭንቀት ወረደ።

ለልጆቹ ፕሮግራም እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ "ይህ ኮንትራት የፌዴራል ገንዘብ እንደሌለው በኢሜይል ነግራችሁናል። ስለዚህ የፌዴራል አባሪው እንዲወጣ እንጠይቃለን።" የላኩልሽን ኢሜይል አያይዢ። የአረጋውያኑን ለብቻው አቆዪው፤ ለዚያ ነው ጠበቃ የምታሳዪው። ቀነ ገደቡ እንዳያልፍ ዛሬውኑ የሁለት ሳምንት ማራዘሚያ ጠይቂ። ብዙውን ጊዜ ይሰጣሉ፤ የፈረሰ ኮንትራት ለእነሱም ሥራ ነው። አንድ ጥያቄም ጨምሪ፦ "ቢቋረጥ ማስታወቂያው እስከደረሰን ቀን ያወጣነውና ልንሰርዘው የማንችለው ወጪ ይከፈላል ወይ?" መልሱን ኮንትራቱ ውስጥ ያስገቡልሽ።

15 በመቶው እውነት ነው። ከፌዴራል መንግሥት ጋር የተደራደራችሁበት የራሳችሁ መጠን ከሌላችሁ፣ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ይህን መጠየቅ ትችላላችሁ፤ በፊት 10 ነበር። ቀጥተኛ ወጪው 60,000 ዶላር ከሆነ እስከ 9,000 ማለት ነው፤ ከስሌቱ የሚወጡ ጥቂት ወጪዎች አሉ። አሳላፊው መሥሪያ ቤት በራሱ ፈቃድ ዝቅ አድርጉ ብሎ ሊያስገድዳችሁ አይችልም። ነገር ግን የኦገስቱ ትእዛዝ ይሄንንም ዓይነት ወጪ ለማጥበብ ደንቡ ይከለስ ብሏልና አሁኑኑ በጀታችሁ ውስጥ አስገቡት። በነፃ መሥራትሽ ደስ ይላል፤ አንቺ ስትደክሚ ግን ማን ይቀጥላል? ሒሳብ የሚይዝ ሰው በሰዓት ቅጠሩበት።

ኦዲቱ አያስጨንቅሽ። ሲንግል ኦዲት የሚባለው በዓመት 1 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያ በላይ የፌዴራል ገንዘብ ለሚያወጣ ድርጅት ነው፤ ቀድሞ 750,000 ነበር። እናንተ እዚያ አትደርሱም። ሰጪው ግን መጥቶ ፋይል ሊያይ ይችላል፣ እሱን ጠብቂ።

የአስተማሪዎቹ ሰዓት ነው ያሳሰበኝ። ገንዘቡ የሌቪ ቢሆንም "ያው እንደ ባለፈው" አይሆንም። የመጣበት ሰዓት፣ የሄደበት ሰዓት፣ ምን እንዳስተማረ፣ ፊርማ፣ ከዚያ ያንቺ ፊርማ። በየቅዳሜው እዚያው ይሙሉት፣ ወር መጨረሻ ላይ ከትዝታ አይሁን። መስቀል የሚያደርጉት እናቶች ደግሞ ችግር የለም፤ አጠገቡ ስማቸውን የጻፈው ሰው ምስክር ሆኖ ይፈርም።

ደብዳቤዎቹን ስትልኪ ሊቀመንበሩን ኮፒ አድርጊያቸው። ዳግመኛ "ማን ያነበዋል" ካሉ መልሱ ሲመጣ እሳቸውም ያነቡታል።


ገንዘብ ያዧ፣ ከኬንት

ማራዘሚያው ተሰጠን። የልጆቹን ኮንትራት ያለ ፌዴራል አባሪው መልሰው ልከውታል፣ ፈርሜያለሁ። የአረጋውያኑን ይዤ ማክሰኞ ከጠበቃ ጋር ቀጠሮ አለኝ። እድሩ ላይ ቦርዱ ድምፅ ሰጥቶበት አይነካም ተብሏል። ሊቀመንበሩ ተቃውመው ነበር፤ በኋላ ግን የባንክ ሒሳቡን ለመለየት ራሳቸው አብረውኝ መጡ። እንጀራ የሚያቀርቡልን እናት የንግድ ፈቃድ ፎርሙን ልጃቸው እየሞላላቸው ነው። በሰዓት የሚከራይ ወጥ ቤት በሬንተን ወይም በቱክዊላ አካባቢ የሚያውቅ ካለ በውስጥ ይጻፍልኝ።